አጫጭር ምንባቦችና የእንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርት፦ የምሥራቅ ጎጃም የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች ከቅኔ ቤት ልምድ አንጻር

አኅጽሮት

ይህ ጽሑፍ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በአጫጭር ምንባቦች አማካይነት እንግሊዝኛን የሚማሩበትን መንገድ ያብራራል። ትኩረቱ አፋቸውን በአማርኛ በፈቱት የደብረ ማርቆስና የአካባቢዋ ተማሪዎች ላይ ነው። የምንባብ ማጠር ብቻውን የመማር ዋስትና አይደለም። አጭር ምንባብ የሚጠቅመው አብዛኞቹ ቃላቱ ቀድመው ሲታወቁ፣ ተደጋግሞ ሲነበብና ወደ ረዘመው ጽሑፍ የሚያሸጋግር ሲሆን ነው። ይህን ሥርዓት የጎጃም ቅኔ ቤቶች ግእዝን ለማስተማር ሲሠሩበት ኖረዋል። ጽሑፉ ከዚህ ልምድና ከሌሎች አገሮች ተሞክሮ በመነሣት በክፍል ውስጥ ሊሠራበት የሚችል አካሄድ ያመለክታል።

ቁልፍ ቃላት፦ አጭር ምንባብ፣ የቃላት ሽፋን፣ መካከለኛ ደረጃ፣ ቅኔ ቤት፣ እንግሊዝኛ

1. መግቢያ

በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ በሚገኙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚማር ልጅ በአንደኛ ደረጃ ትምህርቱን የሚከታተለው በአማርኛ ነው። እንግሊዝኛን ደግሞ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይማረዋል። 9ኛ ክፍል ሲገባ ግን ሁኔታው ይለወጣል። ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆናሉ። ተማሪው ከእንግዲህ እንግሊዝኛን የሚማር ብቻ ሳይሆን በእንግሊዝኛ የሚማር ነው።

በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ ፖሊሲ የትምህርት እርከኑን 6፣ 2 እና 4 ብሎ ሲከፍል 7ኛንና 8ኛን ክፍል «መካከለኛ ደረጃ» በሚል ራሱን የቻለ እርከን አድርጓቸዋል። እነዚህ ሁለት ዓመታት ከለውጡ በፊት የቀሩ የመጨረሻ የዝግጅት ዓመታት ናቸው። በእነርሱ ውስጥ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ አንብቦ መረዳት ያልቻለ ተማሪ በ9ኛ ክፍል የሚያጣው የእንግሊዝኛ ውጤቱን ብቻ አይደለም፤ የባዮሎጂና የጂኦግራፊ መጽሐፉም ይዘጋበታል።

ጉዳዩን ከባድ የሚያደርግ ሌላም ምክንያት አለ። በ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ውጤት መንሥኤ ብዙ ነው፤ ቋንቋን ብቸኛ ተጠያቂ ማድረግ ተገቢ አይሆንም። ሆኖም አብዛኛው ፈተና የሚነበበው በእንግሊዝኛ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። በዐማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በቀጠለው ግጭት ምክንያት ደግሞ በርካታ ትምህርት ቤቶች በመዘጋታቸው ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው ቆይተዋል። ስለዚህ በጥቂት ወረቀት የሚዘጋጅ፣ በአጭር ጊዜ የሚነበብና ከክፍል ውጭም ሊቀጥል የሚችል የመማሪያ መንገድ መፈለግ ወቅታዊ ጥያቄ ነው።

2. አጭር ምንባብ ሲባል

በዚህ ጽሑፍ አጭር ምንባብ የሚባለው ከ100 እስከ 250 የሚደርሱ ቃላት ያሉት፣ በአንድ ጉዳይ ላይ የሚያተኩር፣ መነሻና መድረሻው በራሱ የተሟላና በአንድ ክፍለ ጊዜ ተነብቦ ሊብራራ የሚችል ጽሑፍ ነው። ተረት፣ አጭር የሕይወት ታሪክ፣ የአንድ ነገር አሠራር ገለጻ፣ ደብዳቤ ወይም ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ዓይነቱ ምንባብ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ አዲስ አይደለም። ችግሩ ብዙውን ጊዜ የጥያቄ ማንጠልጠያ ሆኖ መቅረቱ ነው። ምንባቡ ይነበባል፤ ከሥሩ የተዘረዘሩት ጥያቄዎች ይመለሳሉ፤ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ይታለፋል። ይህ አካሄድ መረዳትን እንደማያረጋግጥ በአማርኛ አንድ ትርጉም የለሽ ዐረፍተ ነገር ሠርቶ ማሳየት ይቻላል፦ «ጥልምቡ ድርጋሹን አቀለመጠው።» ድርጋሹን ማን አቀለመጠው ተብሎ ቢጠየቅ ማንም አማርኛ የሚችል ሰው «ጥልምቡ» ብሎ በትክክል ይመልሳል። ጥልምቡ ሰው ይሁን እንስሳ፣ ማቅለመጥ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። የ7ኛ ክፍል ተማሪም በጥያቄው ውስጥ ያለውን ቃል በምንባቡ ውስጥ ፈልጎ ዐረፍተ ነገሩን ሲገለብጥ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። መምህሩ «ትክክል» ይለዋል፤ ልጁም ያነበበ ይመስለዋል።

3. የቃላት ሽፋን ጉዳይ

ምንባብን ቀላል ወይም ከባድ የሚያደርገው ርዝመቱ ሳይሆን በውስጡ ያሉት የማይታወቁ ቃላት ብዛት ነው። የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪዎች ይህን «የቃላት ሽፋን» ይሉታል፤ አንባቢው ከምንባቡ ቃላት ውስጥ ስንት በመቶ የሚሆኑትን ያውቃል ማለት ነው። ላውፈር እ.ኤ.አ. በ1989 ባቀረበችው ጥናት ለተመጣጣኝ መረዳት 95 በመቶ ሽፋን አስፈላጊ መሆኑን አመልክታለች። ሁ እና ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ያለ ረዳት ለሚነበብ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ሽፋን ወደ 98 በመቶ እንደሚጠጋ አሳይተዋል። በዚሁ ጥናት ሽፋኑ 80 በመቶ በሆነበት ምንባብ በቂ መረዳት ላይ የደረሰ አንባቢ አልተገኘም።

እነዚህን አኃዞች ወደ አንድ ባለ 150 ቃላት ምንባብ መልሶ ማስላት ይጠቅማል። 98 በመቶ ሽፋን ማለት ተማሪው የማያውቃቸው ቃላት 3 ብቻ ናቸው ማለት ነው። በ95 በመቶ 7 ወይም 8 ይሆናሉ። በ80 በመቶ ግን 30 ይደርሳሉ፤ ይህም በየአምስቱ ቃል አንድ እንቅፋት ማለት ነው። ሠላሳ ቃል ከመዝገበ ቃላት እየፈለገ ትርጉሙን በዳር በዳር የሚጽፍ ተማሪ የመጨረሻው ላይ ሲደርስ የመጀመሪያውን ይረሳል። ምንባቡ አጭር ነው፤ ለእርሱ ግን ረጅም ነው።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። ለአንድ ክፍል ምንባብ የሚመርጥ ወይም የሚያዘጋጅ መምህር የመጀመሪያ ጥያቄው «ርዕሱ ደስ ይላል ወይ?» ሳይሆን «ተማሪዎቼ የማያውቋቸው ቃላት ስንት ናቸው?» መሆን አለበት። ማይክል ዌስት በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቤንጋል ለሚማሩ ልጆች የንባብ መጻሕፍትን ሲያዘጋጅ የተከተለው መርሕ ይህ ነበር። ብርቅ ቃላትን በተለመዱት ተካ፤ አዳዲሶቹን አራርቆ አስገባ፤ አንዴ የገቡትን ደግሞ ደጋግሞ እንዲታዩ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመው 2,000 ያህል የተለመዱ የእንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝርም ለረጅም ጊዜ የማስተማሪያ መጻሕፍት መለኪያ ሆኖ አገልግሏል።

4. አማርኛ አንባቢው ይዞት የሚመጣው

የመካከለኛ ደረጃ ተማሪ ወደ እንግሊዝኛ ምንባብ የሚመጣው ባዶ እጁን አይደለም። ከሞላ ጎደል በአማርኛ ማንበብ ይችላል። ከሚንስ እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበው ሐሳብ እንደሚያስረዳው በአንድ ቋንቋ የተገነባ የማንበብ ችሎታ ለሁለተኛው ቋንቋ መሠረት ይሆናል። አልደርሰን እ.ኤ.አ. በ1984 በባዕድ ቋንቋ ማንበብ ሲያቅት ችግሩ የንባብ ነው ወይስ የቋንቋ ብሎ ጠይቋል። የሁለቱም መሆኑን ነገር ግን በጀማሪዎች ዘንድ የቋንቋ ዕውቀት ማነስ የበለጠ እንደሚከብድ ማስረጃው ያዘነብላል ብሏል። በኢትዮጵያም ሂው እና ባልደረቦቿ ለትምህርት ሚኒስቴር አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2007 ያቀረቡት ዘገባ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩ ልጆች በትምህርታቸው የተሻሉ ሆነው መገኘታቸውን አመልክቷል።

ተማሪው ይዞት ከሚመጣው ሀብት አንዱ ብዙም አይስተዋልም። የአማርኛ ፊደል የድምፅ መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። «ገና» በዓሉም ነው፣ «እስካሁን ያልሆነ» ለማለትም ያገለግላል። «ዋና» በውኃ ላይ መዋኘትም ነው፣ ተቀዳሚ ማለትም ነው። «አለ» መናገርም ነው፣ መኖርም ነው። አማርኛ አንባቢ እነዚህን የሚለየው ከዐውዱ ነው፤ ዐረፍተ ነገሩን ተመልክቶ ድምፁንና ትርጉሙን ይወስናል። እንግሊዝኛም የሚፈልገው ይህንኑ ችሎታ ነው። መምህሩ ይህን በአማርኛ ምሳሌ ካሳየ ተማሪው «ከዐውድ መገመት» የሚባለው ነገር ሲሠራበት የኖረ እንጂ ባዕድ አለመሆኑን ይረዳል።

ልዩነቶቹም በግልጽ ሊነገሩ ይገባል። በአማርኛ አንድ ፊደል በአመዛኙ አንድ ድምፅ አለው። በእንግሊዝኛ ግን «ናይት» የሚለው ድምፅ እንደ አጻጻፉ ሌሊትም፣ የጥንት ፈረሰኛ ጦረኛም ሊሆን ይችላል፤ በሁለተኛው ቃል መጀመሪያ ላይ የሚጻፈው ፊደል ጨርሶ አይሰማም። የቃላት ቅደም ተከተልም ይለያያል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ሲያስቀምጥ እንግሊዝኛ ከባለቤቱ ቀጥሎ ያደርገዋል። «ትናንት ከገበያ የመጣው ሰው» በሚለው ሐረግ ገላጩ ይቀድማል፣ ሰውየው ይከተላል፤ በእንግሊዝኛ ግን ሰውየው ይቀድማል፣ ገላጩ ከኋላው ይመጣል። ቃላቱን ሁሉ እያወቀ ዐረፍተ ነገሩ የሚጠፋበት ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። አጭር ምንባብ ጥቅሙ እንዲህ ያሉትን ሁለት ወይም ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ነጥሎ በእርጋታ ለመፍታት ጊዜ መስጠቱ ነው።

5. ንባብ ቤትና ቅኔ ቤት

የማይነገር ቋንቋን ከጽሑፍ ተነሥቶ መማር ለጎጃም ባዕድ ልምድ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ልጁ ፊደል ይቆጥራል፤ መልእክተ ዮሐንስን ያነብባል፤ ከዚያ ዳዊት ይደግማል። ንባቡም በደረጃ ይሄዳል፤ ፊደሉን ነጥሎ ከመቁጠር ተነሥቶ ቃላቱን እያያያዘ ወደ ፈጣን ንባብ ይደርሳል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን ልጁ የሚያነበው ግእዝ ምን ማለት እንደሆነ በአብዛኛው አያውቅም። ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር የሚወርድ ተማሪ የአንዱን መዝሙር ትርጉም መናገር ላይችል ይችላል። ንባብ ቤት ድምፅን ያስተምራል እንጂ ምስጢርን አያስተምርም።

ምስጢሩ የሚገኘው በቅኔ ቤት ነው። ዋሸራና ጎንጅ የየራሳቸው የቅኔ መንገድ መጠሪያ እስከመሆን የደረሱበት የጎጃም ምድር በዚህ ትምህርት የታወቀ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ግስ ያጠናል፤ ይህም የቃላት ትምህርቱ ነው። የግሱን ርባታና አገባቡን ይማራል፤ ይህም ሰዋስው ነው። ቅኔውን የሚጀምረው ግን ከረጅሙ አይደለም። መጀመሪያ ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ይለማመዳል። ቀጥሎ ባለ ሦስት ቤቱን ዘአምላኪየ፣ ከዚያ ባለ አምስት ቤቱን ዋዜማ፣ ባለ ስድስት ቤቱን ሥላሴ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ያድጋል። መምህሩ ቅኔውን ይናገራል፤ ሰሙንና ወርቁን በአማርኛ ያብራራል። ተማሪው የራሱን ቆጥሮ ለአስነጋሪው ያሰማል፤ ይታረማል፤ ደግሞ ይሞክራል።

እዚህ ላይ አራት ነገሮች አብረው ይገኛሉ፦ አጭር ጽሑፍ፣ ቀድሞ የተጠና ቃል፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚሰጥ ማብራሪያና ቀስ በቀስ የሚጨምር ርዝመት። ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ተወልደው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ያለፉት በዚህ መንገድ ነበር፤ ኋላም በአዲስ አበባ ዘመናዊውን ትምህርት ተከታትለው እስከ አምባሳደርነት ደርሰዋል።

ንጽጽሩ ድክመትንም ያሳያል። ዛሬ በብዙ የእንግሊዝኛ ክፍሎች ምንባብ በመምህሩ ይነበባል፤ ተማሪዎች በኅብረት ይከተላሉ፤ ድምፁ ያምራል። ይህ ንባብ ቤት ነው። በመካከለኛ ደረጃ የጎደለው ቅኔ ቤቱ ነው፤ ይኸውም ድምፁ ትርጉም የሚሆንበት፣ ተማሪውም በተራው አንድ የራሱን ዐረፍተ ነገር ሠርቶ የሚያቀርብበት ጊዜ ነው። በርግጥ የቅኔ ቤት ተማሪ ሌት ተቀን ለአንድ ትምህርት የተሰጠ ነው፤ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ግን ጊዜውን ለብዙ ትምህርት ያከፋፍላል። ስለዚህ ሊወሰድ የሚገባው ሥርዓቱ እንጂ የጊዜ መጠኑ አይደለም።

6. ከሌሎች አገሮች ተሞክሮ

ኤሊና ማንጉባይ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በፊጂ 12 የገጠር ትምህርት ቤቶች ያካሄዱት ጥናት ከሁኔታው ጋር ተቀራራቢነት አለው። በተወሰኑት ትምህርት ቤቶች ለየክፍሉ 250 ያህል ሥዕላዊና ቀላል የእንግሊዝኛ የታሪክ መጻሕፍት ቀረቡ። ግማሾቹ ክፍሎች በመምህሩ መሪነት አብረው አነበቡ፤ ግማሾቹ በጸጥታ ለየራሳቸው አነበቡ። በመጽሐፉ መደበኛ ትምህርት ብቻ ከቀጠሉት ጋር ሲነጻጸሩ አንባቢዎቹ በማንበብና በመረዳት በእጥፍ ገደማ ፍጥነት አደጉ። እነዚህም ከከተማ የራቁ፣ እንግሊዝኛን ከትምህርት ቤት ውጭ እምብዛም የማይሰሙ ልጆች ነበሩ።

ቻይና ሌላ ዓይነት ምሳሌ ናት። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የቻይና የግዴታ ትምህርት የእንግሊዝኛ መለኪያ አንድ ተማሪ ሦስት ዓመት የሚፈጀውን የመካከለኛ ደረጃ ሲያጠናቅቅ ከ1,500 እስከ 1,600 ቃላት እንዲያውቅና ከመማሪያ መጽሐፉ ውጭ በድምሩ ከ150,000 ቃላት በላይ እንዲያነብብ ይጠይቅ ነበር። ይህ በዓመት 50,000 ቃላት ነው፤ ባለ 150 ቃላት ምንባብ ቢሆን በቀን አንድ ገደማ ይደርሳል። የሚታወቁት ቃላት ጥቂት ሆነው የሚነበበው ብዙ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ግቡ ጥቂቱን ቃል በብዙ ምንባብ ውስጥ ደጋግሞ ማግኘት ነው።

በሁለቱ አገሮች መካከል አንድ መሠረታዊ ልዩነት አለ። የቻይናው ተማሪ ወደ ቀጣዩ ደረጃ ሲያልፍ ፊዚክስና ታሪክ የሚማረው በራሱ ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛው ቢደክምም ሌላው ትምህርቱ አይቆምም። የጎጃሙ ተማሪ ግን ይህ ዕድል የለውም። ከፍ ያለ የንባብ ግብ ያስፈልገው የነበረው እርሱ ነው።

7. በክፍል ውስጥ ሊሠራ የሚችለው

አንድ ምንባብ ብቻውን ቃላትን አያጸናም፤ ቃል የሚጸናው በልዩ ልዩ ዐውድ ደጋግሞ ሲገኝ ነው። ስለዚህ የሚመረጠው በአንድ ርዕስ ዙሪያ የተያያዙ ምንባቦችን ማዘጋጀት ነው። ለምሳሌ ዐባይን ርዕስ አድርጎ ለአንድ ሳምንት አምስት ምንባቦች ሊሰናዱ ይችላሉ፦ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ከሚበልጠው ከጮቄ ተራራ ስለሚነሡ ወንዞች፣ ዝናብ ከእርሻ ላይ አፈር ስለሚያጥብበት ሁኔታ፣ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ስላለው ሸለቆ፣ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ስለተከፈተው ድልድይ፣ በመጨረሻም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ስለተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ። ወንዝ፣ አፈር፣ መፍሰስ፣ መሸከም፣ ጥልቅ፣ መገንባት የሚሉት ቃላት በእንግሊዝኛ በአምስቱም ውስጥ ይመላለሳሉ። ጉዳዩን ተማሪው በአማርኛ ስለሚያውቀው ዐዲሱ ነገር ቋንቋው ብቻ ይሆናል። ቃላቱ ደግሞ በ9ኛ ክፍል ጂኦግራፊ ይጠብቁታል።

አንዱ ምንባብ በሚከተለው ቅደም ተከተል ሊሰጥ ይችላል። በመጀመሪያ መምህሩ ስለ ጉዳዩ በአማርኛ አጭር ውይይት አድርጎ ከ3 እስከ 7 የሚሆኑ ዐዲስ ቃላትን ያስተዋውቃል። ቀጥሎ ምንባቡን ራሱ ያነብባል፤ ተማሪዎች በዓይናቸው ይከተላሉ። ከዚያ በጸጥታ ያነብቡታል፤ አስቸጋሪዎቹ ዐረፍተ ነገሮች በሰሌዳ ላይ ይፈታሉ። ቀጥሎ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተረዱትን በአማርኛ ይነጋገራሉ። በመጨረሻ እያንዳንዱ ተማሪ በዐዲሶቹ ቃላት ሁለት የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገሮች ይጽፋል፤ ሻል ያለው ተማሪ እንደ አስነጋሪ ሆኖ የጓደኞቹን ይሰማል። በማግሥቱ ዐዲሱ ምንባብ ከመጀመሩ በፊት የትናንቱ አንድ ጊዜ ይነበባል። ሳሙኤልስ እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳብራራው አንድን አጭር ጽሑፍ ደጋግሞ ማንበብ ቃላትን ያለ ጥረት የመለየት ፍጥነትን ያሳድጋል፤ ፍጥነቱ ሲያድግ አእምሮ ለትርጉሙ ነጻ ይሆናል።

በሳምንት አምስት ባለ 150 ቃላት ምንባብ 750 ቃላት ነው። ለ36 ሳምንታት ሲሰላ 27,000፣ ለሁለቱ ዓመታት 54,000 ይሆናል። ይህ ከቻይናው ግብ ከሢሶ ብዙም የማይበልጥ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ገጽ አንብቦ ለማያውቅ ተማሪ ትልቅ ለውጥ ነው። በ2ኛው ዓመት አጋማሽ ላይ የምንባቡ ርዝመት ወደ 250፣ ከዚያም ወደ 400 ቃላት ማደግ ይኖርበታል፤ አለበለዚያ ተማሪው ጉባኤ ቃና ላይ እንደቀረ ባለቅኔ ይሆናል።

የምንባብ ምንጭም አይጠፋም። ደራሲዋ ኤልሳቤጥ ሌርድ በብሪቲሽ ካውንስል አማካይነት ከየክልሉ የሰበሰበቻቸው የኢትዮጵያ ተረቶች ቀለል ባለ እንግሊዝኛ ተጽፈው ለተማሪዎች የንባብ መጻሕፍት ሆነዋል። ሐዲስ ዓለማየሁም በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት» በሚል ርዕስ የተረት መጽሐፍ አሳትመዋል፤ ተማሪው በአማርኛ የሚያውቃቸውን መሰል ተረቶች በእንግሊዝኛ ሲያገኝ ፍቺያቸውን ለመገመት አይቸገርም።

8. ገደቦችና ማጠቃለያ

አጭር ምንባብ የማይሠራቸው ነገሮች አሉ። ረጅም ክርክርን ወይም አንድን ሙሉ የመጽሐፍ ምዕራፍ የመከታተል ጽናትን በራሱ አያስተምርም። የመምህሩን የቋንቋ ችሎታም አይተካም። ለፈተና መለማመጃ ብቻ ከዋለ ደግሞ የጥልምቡንና የድርጋሹን ዓይነት ንባብ ያበዛል። በየምንባቡ የአማርኛ ውይይት ሲፈቀድ ውይይቱ እንግሊዝኛውን ጨርሶ እንዳይተካው መጠበቅም ያስፈልጋል፤ በአማርኛ የተጀመረ ሁሉ በእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ሊቋጭ ይገባል።

ከዚህ ውጭ መንገዱ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አንድ ምንባብ በሰሌዳ ላይ ሊጻፍ፣ በደብተር ሊገለበጥና ትምህርት በተቋረጠበት ጊዜ በቤት ሊነበብ ይችላል። የሚጠይቀው የቃላት ጥንቃቄ፣ መደጋገምና በዕቅድ የሚጨምር ርዝመት ነው። የየወረዳው የእንግሊዝኛ መምህራን በጋራ ሆነው ለአንድ ዓመት የሚበቁ ተያያዥ ምንባቦችን ቢያዘጋጁ፣ የየምንባቡን የማይታወቁ ቃላት ከራሳቸው ተማሪዎች ጋር ቆጥረው ቢያስተካክሉ፣ ለድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎችም በተግባር የሚፈተሽ ጉዳይ ይሆናል። 7ኛ ክፍል የገባ ተማሪ ያለው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፤ 9ኛ ክፍል የሚጠብቀውም ረጅም ጽሑፍ ነው።